ፎቅ የማይወጣው ሰው

የቤት ዕቃ ፋብሪካው ባለቤት ለውፍረት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ሊተኛ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከምሳ በኋላ፣ ቢሮው ውስጥ ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። አፉ በክሬም ኬክ ተሞልቷል። ጠረጴዛው ላይ የተከፈተ የኬክ ካርቶን አለ። ሠራተኞቹ «ዋርካው» ይሉት ነበር፤ ስለ ግዝፈቱም፣ ለብዙ ሰው ጥላ ስለነበረም። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ካርቶኑን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ሆዱ ገደለው» አለ።

መርማሪዋ ወደ ሟቹ ቀረበች። ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚል ስም ያወጡላት የሰማችውን ሁሉ ሳትነፋ ስለማትቀበል ነው። ካርቶኑን ትታ ቀበቶውን ተመለከተች። በምስማር የተበሱ አዳዲስ ቀዳዳዎች አሉት። እጆቹን ገለበጠች፤ ክሬሙ የነካው የጣቶቹን ጫፍ ብቻ ነው፣ መዳፉ ንጹሕ ነው። ኮቱን ገለጥ ስታደርግ በሁለቱም ብብቶቹ ሥር ጥቁር የግሪስ መስመር አየች። የሱሪው መቀመጫም አቧራ ለብሷል። ወንበሩን በጣቷ ዳሰሰችው፤ እንደ መስታወት የተወለወለ ነው።

ኮሪደሩ ላይ ሁለት ሴቶች ፊትና ጀርባ ሆነው ተቀምጠዋል። አንደኛዋ የሟቹ ሚስት፣ ሌላዋ ታናሽ እህቱ ናት።

«ፔርሙዜን ስጡኝ» አለች እህትየው መርማሪዋን ስታይ።

«ሰማሽልኝ?» ሚስትየው ከት ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ወደ ለቅሶ ተለወጠ። «ወንድሟ ሞቶ ፔርሙዝ ትጠይቃለች። በረሃብ የገደለችው እሷ ናት። ሁለት ሳምንት ሙሉ እህል ከልክላው፣ አንጀቱ ሲታጠፍ ጊዜ ያገኘውን ሳያላምጥ ዋጠ። ውሃ ሲያንቅ በምን ይዋጣል? ዛሬውኑ ከቤቴ ትውጣልኝ። በሕግም እጠይቃታለሁ።»

መርማሪዋ እህትየውን ለብቻዋ ወደ ዕቃ ክፍሉ ወሰደቻት።

«ምን ነበር የሚበላው?»

«ስኳር የለ፣ ዳቦ የለ፣ ቅባት የለ። እንቁላል፣ የተቀቀለ አትክልት፣ ቀጭን ሾርባ፤ ለምሳ ደግሞ ሐኪሙ ያዘዘውን የፕሮቲን ዱቄት በጥብጬ በፔርሙዝ እልክለታለሁ። ጉበቱ እንዲያንስ ነው። የወፈረ ሰው ጉበት ስብ ይዞ ያብጥና ጨጓራው ላይ ይተኛል፤ ቀዶ ሐኪሙ መንገድ ያጣል አሉን። ካላነሰ ከፍተው ይዘጉታል እንጂ አይሠሩለትም።»

«ፔርሙዙን ለምን ፈለጉት?»

እህትየው እጇን አገላበጠች። «ጠጥቶለት እንደሆነ ላየው ነው። ለቀዶ ሕክምናው እኔ ነኝ ያግባባሁት። ‹እሺ፣ ቃል ገብቻለሁ፤ ሲሻለኝ አንቺን ይዤ ያንን የመጋዘኑን ፎቅ እወጣለሁ› አለኝ። ኬኩን የበላው ጨክኜበት ከሆነ የገደልኩት እኔ ነኝ። እየዋሸኝ ከኖረም… እሱንም ልወቀው።»

ከሚስትየው ለቅሶ ይልቅ ይህ የእህትየው ጥያቄ መርማሪዋን አስጨነቃት። ሆኖም ብዙ ሐዘንተኞች አይታለች፤ የሚያዝን ሁሉ ንጹሕ እንዳልሆነም ታውቃለች።

ሚስትየው ተራዋ ሲደርስ ፊቷን አልመለሰችም።

«በድብቅ ይበላ ነበር። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል። መሳቢያውን ክፈቺው፤ የብስኩትና የቸኮሌት ልጣጭ ሞልቶታል።»

«መቼ አዩት?»

«ዛሬ፣ ከሞተ በኋላ። «መሰላል» የሚሉት የመጋዘኑ ሰው ነው ከፍቶ ያሳየኝ።»

«እርስዎ ራስዎ ሲበላ አይተውት ያውቃሉ?»

ነጠላ ጥያቄ አንዳንዴ ከብዙ ዱላ ይበልጣል። «አንድ ቀን አሳዝኖኝ ሾርባዋን ደፋሁና ትኩስ ዳቦ አቀረብኩለት» አለች ሚስትየው። «አልነካውም። ‹ለእህቴ እንዳትነግሪያት፣ ትቀየምሻለች› አለኝ። ያን ቀን ጾሙን ዋለ።»

መሰላል የላይኛው መጋዘን ኃላፊ ነው። ቀጭን፣ ቀልጣፋ፣ ደረጃውን ቀኑን ሙሉ ሲወጣና ሲወርድ የሚውል ሰው። አንገቱ ላይ በክር የታሰረ ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

«የማንሻው ነው» አለ ዓይኗን ተከትሎ። «ከባድ ዕቃ ከፎቅ የምናወርድበት ሰንሰለት አለን። ከእኔ በቀር የሚነካው የለም።»

«ምሳ ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ላይ፣ ጣውላ ስደረድር። ሌላው ሰው ሁሉ ምሳ ቤት ነበር።»

«አለቃህ መጋዘኑን ያዩት ነበር?»

«እሳቸው? ፎቁን ከረገጡ ዓመታት አልፈዋል። ሁለት ደረጃ ሲወጡ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። እኔ ነበርኩ እግራቸው፣ እኔ ነበርኩ ዓይናቸው።» አቀረቀረ። «አሁንስ ይብላኝ ለእህታቸው። ለበጎ ብላ ነው።»

መርማሪዋ እንዲህ የሚያዝን ሰው ትጠረጥራለች። ጥርጣሬ ግን ማስረጃ አይደለም፤ ደግሞም ሰውዬው ያለው ሁሉ እውነት ይመስላል። ሄዳ ሶፋ የሚያለብሱትን ሽማግሌ አነጋገረች። በአፋቸው ምስማር ይዘው፣ ጨርቅ እየወጠሩ ነበር።

«እኔ ምሳዬን እዚሁ ነው የምበላው፤ ምሳ ቤቱ ወሬ ይበዛበታል» አሉ ምስማሩን አውጥተው። «የማንሻው ሰንሰለት ሲንኳኳ ሰማሁ። ሶፋ ሊወርድልኝ ነው ብዬ ቦታ አመቻቸሁ። የመጣ ሶፋ ግን የለም።»

«ለምን አልጠየቁም?»

«ልጄ፣ በእኔ ዕድሜ የሰሙትን ሁሉ ከጠየቁ ጆሮው ጃጀ ይባላል።»

በማግስቱ ጠዋት አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ጓንቱን እያወለቀ ተቀበላት።

«ታንቆ አልሞተም። ጉሮሮው ንጹሕ ነው፤ ኬኩ ከጥርሱ አላለፈም። ከሞተ በኋላ ነው አፉ የገባው። ራሱን ከኋላ ተመትቷል ወይም ወድቋል፤ ደሙ ወደ ውስጥ ስለፈሰሰ ከፀጉሩ ሥር አልታየም።»

«ጉበቱስ?»

ሐኪሙ በመገረም አያት። «እሱን ማን ነገረሽ? በዚህ ግዝፈት ላለ ሰው እንዲህ ያነሰ ጉበት ማየት ብርቅ ነው። ጠርዙ እንደ ጤነኛ ጉበት ስል ነው።»

ከዚያ ወደ ፋብሪካው ተመለሰችና ብቻዋን ደረጃውን ወጣች። ረጅም ነው፤ እሷም መሃል ላይ ቆማ ተነፈሰች። ስትወርድ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በብብቷ ይዛ ነበር። ሁሉም ደረጃው ሥር እንዲሰበሰቡ አደረገች።

«ከኬኩ ልጀምር» አለች። «ኬክ የሚበላ ሰው፣ ይልቁንም የተራበ፣ መዳፉን ጭምር ይቀባል። እዚህ ግን ጣቶቹን ብቻ የቀባቸው ሌላ ሰው ነው። ሐኪሙም ጉሮሮው ንጹሕ ነው ብሏል።»

«መሳቢያው ውስጥ ያለው ልጣጭስ?» አለች ሚስትየው።

«ልጣጭን ማንም ሰው መሳቢያ ውስጥ ይጨምረዋል። ጉበት ውስጥ ግን ማንም እጁን አያስገባም። በድብቅ ብስኩትና ቸኮሌት ሲበላ የከረመ ሰው ጉበቱ አብጦ ይገኝ ነበር። የባለቤትዎ ጉበት አንሷል። ከታዘዘለት ሌላ አልቀመሰም። ስለዚህ ልጣጩም እንደ ኬኩ የተቀመጠ ነው፤ ከፍቶ ያሳየዎትም ሰው አለ።»

መሰላል ተቁነጠነጠ። «እኔ እኮ ያገኘሁትን ነው ያሳየሁት።»

«ይሁንልህ። አሁን ወደ ልብሱ እንምጣ። ብብቶቹ ሥር የግሪስ መስመር አለ፣ የማንሻው ሰንሰለት ግሪስ። እኚህ አባት ማንሻው ሲወርድ ሰምተዋል፤ የወረደ ዕቃ ግን አላዩም። የወረደው ሰው ነው። ማንሻው የሚያርፈው ከቢሮው ጀርባ ነው፤ ከዚያ ወንበሩ ድረስ በዕቃ ጋሪ ይገፋል።»

«ከየት ይወርዳሉ?» መሰላል ሳቀ። «ፎቅ የማይወጡ ሰው ከፎቅ ይወርዳሉ እንዴ? ሁሉም ያውቃል።»

«አንተም የተማመንከው በዚሁ ነው። ፎቅ የማይወጣን ሰው ገዳይ ፎቅ ላይ የሚፈልግ የለም። ግን ሰውዬው ቀበቶውን እየበሳ ሲያጠብ ነበር የከረመው። ጉልበቱ በረታ። ትናንት ሁሉም ምሳ ሲሄድ፣ አንተ ላይ መሆንህን ሳያውቅ፣ ደረጃውን ያዘ። ሲደክመው ተቀመጠ፣ ሲሻለው ተነሣ፤ የሱሪው አቧራ የደረጃው ነው። ላይ ሲደርስ ዓመታት ያላየውን መጋዘኑን አየ። እኔም አየሁት። ፊት ለፊት ያማረ ጣውላ ተደርድሯል፤ ከጀርባው ባዶ ሣጥን በሸራ ተሸፍኗል። የወፍራም ሰው መጋዘን ነዋ፣ ማን ወጥቶ ያየዋል ብለህ ዕቃውን እየሰረቅክ ጨረስከው።»

«ሲወጡ ያየ ሰው አለ?» አለ መሰላል። ድምፁ ቀጥኗል።

መርማሪዋ ጋዜጣውን ፈታች። ቀይ ፔርሙዝ ነው፤ ክዳኑ ውስጥ የደረቀ ነጭ መጠጥ ቀርቷል። እህትየው አፏን በእጇ ያዘች።

«ይህን ከባዶዎቹ ሣጥኖች ኋላ፣ መስኮቱ ሥር አገኘሁት። ዳገቱን ስለጨረሰ ተቀምጦ ምሳውን ጠጣ። ሰው ከምሳ ሳይመለስ ኬኩን ገዝተህ፣ ልጣጩን ለቅመህ፣ አስከሬኑን አውርደህ፣ ይህን ግን አልፈለግከውም። ዋርካው ምሳ በላ ሲባል አንተ የምታስበው ኬክ ብቻ ነውና።»

መሰላል አንገቱ ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጠ።

«ወደ ኋላ ነው የወደቁት» አለ። «ሸራውን ገልጠው ሲጮሁብኝ ገፋ አደረግኳቸው… ፎቅ አይወጡም ነበር እኮ!» ይህን ያለው እንደ ተከዳ ሰው ነበር።

ፖሊሱ ቁልፉን ከመሰላል አንገት አውልቆ ሰውዬውን ይዞት ወጣ። ሽማግሌው ምስማሮቻቸውን ኪሳቸው ከተው ደረጃውን ቀና ብለው አዩት። ሚስትየው ደረጃው ሥር ወደ ተቀመጠችው እህትየው ሁለት እርምጃ ሄደች፤ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠችና ትከሻዋን በትከሻዋ አስደገፈቻት። እህትየውም አልሸሸችም።

መርማሪዋ ፔርሙዙን ለእህትየው ልትሰጣት ጎንበስ አለች። ማስረጃ ስለሆነ መልሳ እንደምትወስደው ታውቃለች፤ ለጊዜው ግን ይዛው ትቆይ አለች በልቧ።

«እህቴ፣ አልዋሸሽም» አለቻት።

እህትየው ክዳኑን ከፍታ ወደ ውስጥ አየች። ባዶ ነው።

«ስንቱን ደረጃ ወጣ?» አለች።

«ሁሉንም።»