የሽኝቱ ዜማ

ሻሺቱ ላቀው ዘፈን የማትችል የኪነት ቡድን መሪ ነበረች። ቀበሌው የመረጣት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለጨረሰችና ወጣት መሰብሰብ ስለሚሆንላት ነው። ቀበሌ ያሻውን በሚሾምበት በዚያ ዘመን፣ አርባ ምንጭ ውስጥ «ለምን እኔ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ዳልጮ ኦይታን ያገኘችው ኩልፎ ወንዝ ዳር፣ የቡድኑን ልጆች ለሙዝ ለቀማ ዘመቻ ይዛ የወረደች ዕለት ነው። ከሙዙ ውስጥ የሚያንጎራጉር ሰው ሰማች። ቀረብ ስትል ድምፁ ጸጥ አለ።

«ለምን አቆምክ?» አለችው።

«ሰው መጣ ብዬ።»

«እኔ ሰው አይደለሁም፤ ቀበሌ ነኝ።»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ ግን ዓይናቸውን ወዴት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። ያንጎራጎረው መዝሙር ነበር። ዳልጮ ደጋው ላይ ያለችው የጋሞ መንደር፣ የኦቾሎ ልጅ ነው፤ የሸማኔው የኦይታ የበኩር ልጅ። ቤተ ክርስቲያናቸው እስኪታሸግ ድረስ ከመዘምራኑ አንዱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሻሺቱ ኩልፎ የሚያስወርዳት ሰበብ አላጣችም። ቡድኑ ውስጥ ገብቶ እንዲዘፍን ለመነችው፤ አሻፈረኝ አለ። አፉን ለጌታው እንደሰጠ፣ መፈክር እንደማይዘፍንበት ነገራት። በመጨረሻ ግን፣ «እጄን ከፈለግሽ ውሰጂው» አላት። ከበሮ መቺ አደረገችው።

የለመነችው ለጥበብ ብላ ብቻ አልነበረም። ወጣቱ ለብሔራዊ ውትድርና ይታፈስ ነበር፤ የኪነት ልጅ ግን አይነካም ይባላል። ከበሮው በእጁ እስካለ ድረስ ዳልጮ የእሷ ነው። ይህንን ለራሷ ሳትሸፋፍን ታውቀው ነበር።

ወሬ እግር አለውና አባቷ አቶ ላቀው ዘንድ ደረሰ። አቶ ላቀው በልጅነታቸው ድቁና የተቀበሉ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ጴንጤ፣ ለዚያውም ሙዝ ለቃሚ፣ ደጃፌን አይረግጥም አሉ። ሻሺቱ ይህንን ለዳልጮ ስትነግረው እያለቀሰች ነበር። እሱ ግን አልተቆጣም።

«ሽማግሌ እልካለሁ» አላት። «እምቢ ካሉ ደግሜ እልካለሁ። አባቴ ቃሌን ያውቃል።»

በ1979 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ለዘማቾች ሽኝት የብሔረሰብ ባህል ያለበት ትርዒት ይቅረብ የሚል ትእዛዝ ከላይ መጣ። ዳልጮ ያን ሰሞን ምዕራብ ዓባያ ሙዝ ሊጭን ሄዷል። ሻሺቱ በልጅነቷ ከኦቾሎ ሥር ባለው መንገድ ስታልፍ ያየችው ነገር ትዝ አላት፤ ወንዶች ጦር ይዘው፣ ሜዳውን እየዞሩ፣ በአንድ ድምፅ እያዜሙ ሲሮጡ። ለጀግና የሚዜም ነው ብላ ነበር። የቡድኑ ልጆችም ከተማ ያደጉ ናቸውና ዜማውን እንጂ መቼ እንደሚዜም አያውቁም። ያ ሩጫ የሚሮጠው፣ ያ ዜማ የሚዜመው ጀግናው ሲሞት፣ ለቅሶ ላይ መሆኑን የሚነግራት አንድ ሰው ጠፋ። ዳልጮ ቢኖር አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

በሽኝቱ ዕለት መኪኖቹ ተደርድረዋል፤ ልጆቹ ተጭነዋል፤ እናቶች ከደጋ ወርደው ሜዳውን ሞልተውታል። የቡድኑ ልጆች ጦራቸውን ይዘው እያዜሙ ገቡ።

መጀመሪያ አንዲት አሮጊት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና መሬት ላይ ወደቀች። ቀጥሎ ጎረቤቷ። ከዚያ ሜዳው በሙሉ ዋይታ ሆነ። መኪናው ላይ ያሉት ልጆች በቁማቸው ሲለቀስላቸው ሰሙ። አንዳንዶቹ ዘለው ወረዱ፤ እናቶቻቸው ያዟቸው፤ ሚሊሻው ወደ ሰማይ ተኮሰ። ሻሺቱ ምን እንዳጠፋች ገና አልገባትም።

«ይህንን ያስተማረው ማነው?» አለ ሽኝቱን የሚመራው ካድሬ።

«እኔ ነኝ» አለች ሻሺቱ።

ዳልጮ ከመንገድ መግባቱ ነበር። አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ሰዉን ጥሶ መጣ።

«ውሸት ነው። እሷ ቋንቋችንን አታውቅም። እኔ ነኝ።»

ካድሬው ሞኝ አልነበረም። ወደ ሻሺቱ ዞረና ግጥሙን ወደ አማርኛ መልሺልኝ አላት። አፏን ከፈተች። አንድ ቃል አልነበራትም። በራሷ ልጆች አፍ ያስዘፈነችውን አታውቀውም። ዳልጮ ትክ ብሎ አያት፤ በዓይኑ «ተይው» የሚላት ይመስል ነበር። ከዚያ አብዮቱን በማደናቀፍ ተብሎ ከዘማቾቹ ጋር ተጫነ።

ሻሺቱ ቡድኑን ተወች። እህል አስጠላት፤ ራሷንም ጠላች። ጥር ላይ እነኦይታ ከኦቾሎ ወርደው የአባቷን ደጅ ሲያንኳኩ ሊከሷት የመጡ መሰላት፤ ይገባኛልም ብላ ጓዳ ተቀመጠች።

ሽማግሌዎቹ ግን አንቀመጥም ብለው በር ላይ ቆሙ። ልጃችሁን ለልጃችን አሉ። አቶ ላቀው ግራ ገብቷቸው ሙሽራው የታለ ብለው ጠየቁ። ኦይታ በጋሞኛ መለሰ፤ አንዱ ሽማግሌ አስተረጎመ።

«ሙሽራውን መንግሥት ወሰደው። ቃሉ ግን እኛ ጋ ቀርቷል።»

አቶ ላቀው ወደ ጓዳ ገቡና ልጃቸውን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ምን ትያለሽ ብለው ጠየቋት። እሺ አለች። ያለ ሙሽራ፣ ያለ ዘፈን ኦቾሎ ወጣች። ጥጥ መፍተል ተማረች፤ ቋንቋውንም። ከዳልጮ ግን ወሬ አልመጣም።

መንግሥት ወድቆ የተበተነው ጦር በእግሩ መግባት ሲጀምር ሻሺቱ ምዕራብ ዓባያ ወርዳ መንገድ ዳር ቆመች። ለሚያልፈው ሁሉ ውኃ እየሰጠች ስሙን ትጠይቃለች። አንድ ከሲታ ወታደር ጣሳውን እንደያዘ ቀና አለ።

«ዳልጮ ኦይታ? የሚዘምረው? አብረን ነበርን።» ውኃውን ጨርሶ አፉን ጠረገ። «ጦር ሜዳ እንኳ አልደረሰም እኮ። እዚያው ማሠልጠኛው፣ በገባን በወሩ፣ ኅዳር ላይ፣ ተስቦ ገደለው።»

ኅዳር። ሽማግሌዎቹ የአባቷን ደጅ ያንኳኩት ጥር ላይ ነው።

ወታደሩ ፊቷን አይቶ ደነገጠ። «ምኑ ነሽ?» አላት።

«ሚስቱ ነኝ» አለችው።