ለጥቁሩ ጉድጓድ የተሞላ ሚኒባስ

መቲ የቆሎውን ጥቅል በሚኒባሱ መስኮት ስታቀብለው አውራ ጣቱን ሁለት ጊዜ ጫን አለችው።

አደጋ አለ ማለት ነው።

ቶኩማ ፊቱን ሳይለውጥ «ገለቶሚ» ብሎ አመሰገናት። ቅርጫቷን ይዛ ወደሚቀጥለው መኪና አለፈች። በአምቦ መናኸሪያ ቆሎ ሻጭ ሞልቷል፤ ለአዲስ አበባው የደኅንነት ቢሮ መልእክት የምታመላልሰው ግን እሷ ብቻ ነበረች።

መጠቅለያውን ጭኑ ላይ ገለጥ አድርጎ አነበበ። በእርሳስ የተጻፈ ነው። «የኮሌጁን መኪና ያስቀረነው እኛ ነን። ልጅቷ በሚኒባስ ትመጣለች። አብረህ ሂድ። እሳቱ ሲነሳ ጫካው ጋ እንይዛቸዋለን። ጠርሙስ።»

ወረቀቱን ከቆሎው ጋር አፉ ውስጥ ጨመረው። ገብሱ ደቀቀ፤ ወረቀቱ አልወርድ አለው።

«ጠርሙስ» አለቃው ነው። የእሱ የምስጢር ስም ደግሞ «አረፋ»። ከሦስት ቀን በፊት የመጣለት ትእዛዝ አንድ ነበር፤ የኮሌጁ መምህርት ጃለኔና ሳጥኗ ጊንጪ በሰላም ይድረሱ። ሳጥኑን መንገድ ላይ ካለው ጫካ ሊያቃጥሉ ያሰቡትን ሰዎች እቅድ ሁሉ ጽፎ ላከ። ጉዞዋን እንቀይራለን አሉት። አሁን የቀየሩት ምን እንደሆነ ገባው።

ልጅቷን ማጥመጃ አድርገዋታል።

ጋቢና የተቀመጡት ኦቦ ገቢሳ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም። ፌስቡክ ላይ ጄኔቫ አጠገብ ከመሬት በታች ያለውን፣ ሳይንቲስቶች ቅንጣት የሚያጋጩበትን የሃያ ሰባት ኪሎ ሜትር ቀለበት አዩ። ቅንጣቶቹ ሲጋጩ ጥቁር ጉድጓድ ይከፈታል፣ ምድርን ይውጣታል የሚለውን አነበቡ። እንቅልፍ አጡ። የሚያስረዳቸው ፈልገው ሦስት መሥሪያ ቤት ሄዱ፤ ሦስቱም ሳቁባቸው። ከዚያ ነው እንደሳቸው የሰጉ ሰዎችን ማሰባሰብ የጀመሩት። ቶኩማ ተከራይ መስሎ ግቢያቸው ከገባ ዓመት ሊሞላው ነው።

ኮሌጁ አንድ የብረት ሳጥን ሲያስመጣ የቀለበቱ ሌላኛው አፍ ነው ብለው አመኑ። ዛሬ ደግሞ ግንቦት 26 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው። ቀለበቱ ከእስከዛሬው ሁሉ በበለጠ ኃይል ሊሠራ ነው። ሳጥኑ ዛሬ መቃጠል አለበት።

«ጊንጪ፣ ጊንጪ፣ አንድ ሰው የቀረው» ይላል ረዳቱ።

መንገደኛ ሁሉ ይህን ጨዋታ ያውቀዋል። ባዶ መኪና ተሳፋሪ አይጠራም። ስለዚህ ረዳቶች የማይሄዱ ሰዎችን ወንበር ላይ ያስቀምጣሉ፤ እውነተኛው ተሳፋሪ ሲመጣ አንድ በአንድ ይወርዳሉ። ዛሬ ግን ዘጠኙም የኦቦ ገቢሳ ሰዎች ናቸው። ረዳቱ የተለመደው ማሟያ መስሎታል። ከእነሱ አንዱም አይወርድም።

የበሩ እጀታ ከውስጥ በኩል የለም። በቶኩማ ወንበር ስር የቤንዚን ጀሪካን አለ። ግራ ትከሻው በአንዱ፣ ቀኝ ትከሻው በሌላው ተጣብቋል።

ከእነሱው ወገን የሆነው ሾፌሩ ዋቅቶላ ወደ ኋላ ዞር ብሎ ቶኩማን በሹክሹክታ ጠየቀው።

«ቤንዚኑ አይፈስም?»

«አይፈስም። ልጅቷስ?»

«ሳጥኑን ከለቀቀች ትወርዳለች።»

«ካልለቀቀችስ?»

ዋቅቶላ መሪውን በጨርቅ መወልወል ጀመረ። «እንግዲህ አብራው ትሂዳ።»

ኦቦ ገቢሳ መስኮት ከፍተው ሰው ሰላም ይሉ ነበር። አልሰሙም።

ጃለኔ መጣች።

ቀጭን ወጣት መምህር ናት፤ ሳጥኑን በአንገቷ አንጠልጥላ በሁለት እጇ ታቅፋዋለች። ቦታ በማግኘቷ ተደሰተች። ረዳቱ ሳጥኑ ጣሪያው ፖርቶ መጋላ ላይ ይውጣ ሲላት ሕፃን ነው፣ ያለ እቅፍ ያለቅሳል ብላ ሳቀች። ከእሷ በቀር የሳቀ አልነበረም።

«ውስጡ ምንድን ነው ያለው፣ ልጄ?» አሉ ኦቦ ገቢሳ ሳይዞሩ።

«ምንም የለውም፣ አባባ። ከሰማይ የሚወርዱ ቅንጣቶችን ነው የሚቆጥረው። ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ይወርዳሉ። አሁን እንኳን በየሰከንዱ አንድ በመዳፍዎ ያልፋል።»

ኦቦ ገቢሳ እጃቸውን ጨበጡ።

ረዳቱ በሩን ያዘ። ሞተሩ ተነሳ።

ቶኩማ ወደ ውጭ አየ። መጮህ ይችላል፤ ጀሪካኑ ግን ከጃለኔ እግር አንድ ክንድ አይርቅም፣ የዋቅቶላ ክብሪት ደግሞ ከጀሪካኑ። ፖሊሶቹ ያሉት ጫካው ጋ ነው፤ ጭስ እየጠበቁ።

በአጥሩ ጥግ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ቆመዋል። ከማለዳ ጀምሮ መኪና ያጡ ለቀስተኞች ናቸው። የፊተኛዋ አሮጊት በምርኩዝ ነው የቆሙት።

መስኮቱን ሳበ።

«እማማ፣ ለጊንጪው ቀብር ነው?»

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ አዎ ነው። በስድስት ሰዓት ነው የሚቀበረው። ወንድሜ ነው።»

«ኑ እንግዲያው። እኔ እነሳለሁ።»

ረዳቱ በሩን መልሶ ከፈተው። ቶኩማ ጀሪካኑን ጎትቶ ወረደ፤ ለእግር እንዳይቸግራቸው ነው አለ። አሮጊቷ ገቡ። ሌሎቹ ለቀስተኞች መኪናውን ከበው ቆሙ። የለመነ የለም።

የተቀመጡትን አንድ በአንድ አዩ።

ከኦቦ ገቢሳ ሰዎች መጀመሪያ የተነሳው አንድ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ነው። ቀጥሎ ሁለት ገበሬዎች። ፊታቸው ግራ ገብቶታል፤ ግን በአምቦ ምድር ወንድሟን ልትቀብር የምትሄድን ሴት ዘመድ አቁሞ የሚቀመጥ ሰው ማን ወልዶት ነው? ዓለምን ሊያድኑ ወጥተው ነበር። ወንበር መከልከል አቃታቸው። ዋቅቶላ በመስተዋቱ እያየ ቁጭ በሉ አለ፤ ማንም አልሰማውም። በመጨረሻ ኦቦ ገቢሳ ራሳቸው ከጋቢና ወርደው አንድ ሽማግሌ በክንዳቸው ደግፈው አስገቡ።

በሩ ተዘጋ። ሚኒባሱ ጃለኔንና ለቀስተኞቹን ይዞ ወጣ። ዋቅቶላ በዚያ ሁሉ ዓይን መካከል መንዳት እንጂ ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ኦቦ ገቢሳ ጀሪካኑን አዩ። ከዚያ ቶኩማን።

«ዓመት ሙሉ ከማዕዴ በላህ።»

«አዎ፣ ኦቦ።»

«ስታመም አስታመምከኝ።»

«አዎ።»

«እውነተኛ ስምህ ማነው?»

ቶኩማ ጎንበስ ብሎ የጀሪካኑን ክዳን አጠበቀ። እሳቸውም አልደገሙትም።

«ልጆቹ ሰላይ መሆንህ ሳይገባቸው ሂድ» አሉት። «እኔ ምንም አልላቸውም።»

ቶኩማ ከመናኸሪያው ጀርባ ሆኖ ደወለ።

«ጭሱ የታል?» አለ ጠርሙስ።

«ጭስ የለም። ልጅቷ ጊንጪ ትደርሳለች። ሾፌሩን እዚያ ጠብቁት፤ ሊያቃጥላት ነበር።»

«የሌሎቹን ስም ላክ።»

«ሌሎቹ ለለቀስተኛ ወንበር የለቀቁ ሰዎች ናቸው።»

ጠርሙስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እንግዲያው አረፋ የሚባል ሰው አናውቅም። መታወቂያህም የእኛ አይደለም።»

ሲም ካርዱን ሰብሮ ጣለው። መታወቂያው ሐሰት፣ ቤቱ የሰው፣ መመለሻውም ዝግ ነበር። በእህል መኪና ላይ ተጭኖ ወደ ካቺሲ ሄደ። ዋቅቶላ በዚያው ቀን ጊንጪ መያዙን ከአንድ ነጋዴ ወሬ ሰማ። ምድርም እንዳለች ነበረች።

ክረምቱ ሲገባ በካቺሲ ገበያ ጆንያ ተሸካሚ ሆኖ፣ ጺሙ አድጎ፣ ሦስት ከረጢት ጤፍ ትምህርት ቤቱ ድረስ አደረሰ። አዳራሹ ውስጥ ጃለኔ ሳጥኗን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ለሕዝብ ታሳይ ነበር። ገበሬዎቹ የልባቸውን ይጠይቋታል። ጉድጓዱ ስንት ከብት ይውጣል አላት አንዱ፤ ስቃ፣ ግን ሳትቸኩል መለሰችለት። የመጣ ሁሉ በደንብ ገብቶት ሄደ።

ሊወጣ ሲል የጎብኚዎች መዝገብ ዘረጋችለት። ፊቱን ትንሽ ቆይታ አየችው።

«ስምህን ጻፍልን።»

እስክሪብቶውን ያዘ። አንድ አፍታ እውነተኛ ስሙን ሊጽፍ ምንም አልቀረውም ነበር። ከዚያ መልሶ አስቀመጠው።

«መጻፍ አልችልም፣ መምህርት» አላት።

ቀለሙን አመጣችለት። አውራ ጣቱን አጥቅሶ ገጹ ላይ ጫነ፤ ባዶ ጆንያውን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ ዝናቡ ወጣ።