በጎልፍ ሜዳው ቱቦ ውስጥ ያለው ድምፅ

የልጄ ጆሮ ዙሪያውን ጭቃ ነበር... ልክ እንደ ቀለበት ክብ ሆኖ።

ጠረግኩላት እንጂ ከየት እንደመጣ አልጠየቅኳትም።

ምነው በጠየቅኳት ኖሮ...

ይህ በራሴ ቤት የሆነ ነው፤ አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም። ማክሰኞ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር።

ቤታችን ከጎልፍ ሜዳው አጥር ሥር ነው። ባለቤቴ እዚያ ይሠራ ነበር፤ ሣሩ ላይ ውኃ እንዳይተኛ ቦይ ይቆፍራል፣ ቱቦ ይቀብራል፣ ጠጠር ይሞላል። የቱቦው አፍ የሚወጣው ከደጃችን ፊት ለፊት ነው። አለመደፈኑን ሲፈትሹ አንዱ ከላይ «ይሰማል?» ይላል፤ ሌላው ከታች «ይሰማል!» ብሎ ይመልሳል።

እኔ ሁሌም ክፉ ክፉው ነው የሚታየኝ። «ተው፣ አፈሩ ርሷል» ስለው ይስቅብኝ ነበር።

«አንቺ ፈሪ! ደመና ስታዪ እኮ ጎርፍ ነው የሚታይሽ!»

ከሁለት ወር በፊት ቦዩ ተደረመሰበት።

ልክ መሆኔ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ያን ምሽት የስድስት ዓመቷ ልጄ እራቷን እየበላች...

«እማዬ፣ አባዬ ዛሬ ይመጣል።»

«ማን አለሽ?»

«ራሱ ነዋ። በቱቦው ‹ይሰማል?› አለኝ። ‹ይሰማል› አልኩት።»

ለባለቤቴ የሥራ አለቃ ደወልኩ።

«የኔ እህት፣ ዛሬ ማንም ሥራ አልገባም» አለኝ። «ያ ቱቦ ደግሞ... እሱ ከሞተ ጀምሮ መሃሉ ላይ እንደተደፈነ ነው። ድምፅ አያሳልፍም።»

ስልኩን ሳልዘጋ፣ ደጃፉ ላይ የቦቲ ጭቃ ሲራገፍ ሰማሁ።

አንዴ... ሁለቴ...

«ፈሪዬ...»

የሱ ድምፅ ነው። የራሱ!

«ግባ» ልል አፌ ተከፈተ።

«ልጅቷን ላኪልኝ... ከታች የሚመልስልኝ ሰው አጣሁ።»

ልጄ ከወንበሯ ዘላ ወረደች። «መጣሁ፣ አባዬ!»

ወገቧን ይዤ አስቀረኋት።

ሌባ የምፈራው እኔ፣ ‹ባለቤቴ ተመልሶ ቢመጣስ?› እያልኩ ሁለት ወር ሙሉ ያን በር ቆልፌው አላውቅም።

«ይቅር በለኝ፣ ሆዴ» አልኩና ቁልፉን አዞርኩት።



ከዚያ አንድ እጅ በሩን ከውጭ ገፋ አደረገው... ቀስ ብሎ...

ሊገባ እንደሚፈልግ ሳይሆን፣ ደህና መቆለፉን እንደሚያይ ሰው።