የማይራበው ጢንዚዛ

ምንትዋብ ጠዋት ጠዋት ሕፃን ልጇን ሶስናን አጥብታ፣ የማታ ፈረቃ ለሚሠራው ባሏ ለግርማቸው አስታቅፋ ወደ ምርምር ጣቢያው ትሄዳለች። ሥራዋ ጢንዚዛ ማስራብ ነው። ከምስር ፍሬ የማይበልጠው፣ ስሙን እንኳ ሰው የማያውቀው ይህ ቅጠል በል ከደቡብ አሜሪካ ድረስ የመጣው፣ የግጦሹን መሬት የወረረውን የወፍ ቆሎ የተባለ አረም ይጨርስልናል ተብሎ ነው። ከመለቀቁ በፊት ግን ሌላ ነገር እንደማይቀምስ መረጋገጥ አለበት። ስለዚህ የጤፍ፣ የኑግና የቡና ቅጠል ታቀርብለታለች፤ ካልበላ በረሃብ ይሞታል፣ እሷም እፎይ ትላለች።

አልበላም። አልሞተምም።

መስኮት በሌለው፣ እርጥብ አፈርና የሻገተ ቅጠል በሚሸተው ክፍል ውስጥ፣ ቅጠሎቹ ሳይነኩ በየሳጥኑ ሲጠወልጉ ጢንዚዛዎቹ ይወፍሩ ጀመር። በየማለዳው ከሥራቸው ትኩስ ኩስ ታገኛለች።

«ከየት እያመጣችሁ ነው እናንተ?» አለቻቸው፣ እየሳቀች።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ድምፅ አለ፤ ደረቅ ወረቀት በጥርስ ሲቆረጥ የሚመስል፣ ቀስ ያለ፣ ምንም የማይቸኩል ድምፅ፤ ወደ ሳጥኖቹ ስታጎነብስ ያው ነው፣ ርቃ በሩ ጋ ስትቆምም ያው ነው፣ አብሯት ይሄዳል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እጇን ስትታጠብ፣ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ባለው ስስ ቆዳ ላይ ክብ ቀዳዳ አየች። ደም የለውም፣ አያምም፤ ጣቶቿን ስትዘረጋ የቧንቧው ውሃ በዚያ በኩል ታያት። ጢንዚዛዎቹ በወፍ ቆሎው ቅጠል ላይ የሚተዉት ቀዳዳ ራሱ ነው። ጋውኗን ስታወልቅ ከአንገትጌው ሥር ሁለት ጢንዚዛዎች ጠብ ጠብ አሉ፤ ወፍረዋል።

ፈራች። ለራሷ አልነበረም፤ በዚህ ገላ ልጇን ልታቅፍ ነበር። ዘላ በሩን ከውስጥ ቆለፈችና ስልኳን አነሳች።

«ግርማቸው፣ ዛሬ አልመጣም። ሶስናን ይዘህ እናትህ ቤት ሂድ። እኔ ጋ እንዳታመጣት፣ ብለምንህም እንኳ።»

«ምን ሆነሻል አንቺ?»

«ተወኝ። እሷ ደህና ናት? አላለቀሰችም?»

«ኧረ ስትስቅ ነው የዋለችው፣ ምንም አልከፋትም። ግን ቅር ብሎኛል ምንትዬ፤ ሳትነግሪኝ መቼ ነው ጆሮዋን ያስበሳሻት?»