የማይበተን ትንፋሽ

ያመነ ይመን፣ ያላመነም ይለፈው። እኔ ግን የምጽፈው በዚህ ዓይኔ ያየሁትን ነው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ውጭ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

የምሠራው ከሰማይ የሚመጣ የራዲዮ ሞገድ የሚደመጥበት ጣቢያ ውስጥ ነው። የመቀበያውን ማቀዝቀዣ እጠግናለሁ። ታናሽ እህቴም እዚያው ተመራማሪ ነበረች... እስክትሞት ድረስ።

በከዋክብት መሃል ያለ አንድ ጥቁር የጋዝ ደመና ነበራት፤ ስታዳምጠው ትውላለች። ባልደረቦቿ "ባዶ ነው፣ ተይው" ይሏታል።

"ባዶ አይደለም፣ ወንድምዓለም" አለችኝ አንድ ቀን። "ብርዱ አይጣል ነው። ጋዙ ስለቀዘቀዘ መግፋት አቅቶት ከየአቅጣጫው ወደ መሃል ይሰበሰባል። ግዙፍ ኮከቦች እየተፀነሱ ነው... አንድ አይደሉም፣ ብዙ ናቸው።"

"ምነው፣ እርጉዝ አስመሰልሽው።"

"ናት እኮ። ምጧ ብቻ መቶ ሺህ ዓመት ይፈጃል።"

በሕመም ሞተች። አለቃዋ ዶክተሩ ለቅሶ ላይ እጄን ይዘው "ግኝቷ በስሟ ይወጣል" አሉኝ።

በዚያ ፀሐያማ ቀን በስምንት ሰዓት ግን፣ ጣቢያውን ሊጎበኙ በመጡ እንግዶች ፊት ቆመው "እኔ ያገኘሁት..." አሉ።

ስሟ የለም።

ደሜ ፈላ። በቀል የእግዚአብሔር ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

ዶክተሩ የደመናውን ሞገድ ወደ ድምፅ ቀይረው በማጉያው ለቀቁት። ሽሽሽሽ... ልክ እንደ ዝናብ።

ከዝናቡ ውስጥ ሹክሹክታ መጣ።

"ጋሼ..."

ዶክተሩን ጋሼ የምትላቸው እህቴ ብቻ ነበረች።

"ጋሼ... ስሜስ?"

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ነህ?"

"እኔ አይደለሁም።"

"አጥፋው።"

የማጉያውን ሶኬት ነቀልኩት።

አልጠፋም...

ክፍሉ መቀዝቀዝ ጀመረ። የእኔ ማሽን መቀበያውን እንጂ ክፍሉን አያቀዘቅዝም። የሁላችንም ትንፋሽ ነጭ ሆኖ ወጣ።

ወጣ እንጂ አልተበተነም።

ከየአፋችን እየተሳበ ወደ ዶክተሩ ሄደ። ፊታቸው ላይ ተጠራቀመ... ወፈረ... ጠቆረ።

"ስሟን ይጥሩ፣ ዶክተር" አልኳቸው።

አፋቸውን ከፈቱ። ጉሙ ተግተልትሎ ገባ። አንዲት ጭላጭ አልቀረም።

ማጉያው ዝም አለ።

ከዚያ ወዲህ ዶክተሩ ቃል አልተነፈሱም። ሐኪሞች መርምረው መርምረው "ጤነኛ ናቸው" አሉ።

ባለፈው እሑድ ከጸሎት ስመለስ ባለቤታቸው ደወሉልኝ።

"ወንድሜ... መጥተህ እየው።"

ዶክተሩ በረንዳው ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ ደርበው ተቀምጠዋል። እጃቸውን ስጨብጥ የእኔ ጣቶች ደነዘዙ።

"ሊልህ የሚፈልገው ነገር አለ መሰለኝ" አሉ ባለቤታቸው በሹክሹክታ።

ዶክተሩ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። የእህቴን ስም የመጀመሪያ ፊደል ለየሁት።

ጉሮሯቸው ውስጥ፣ ከጨለማው ጥልቀት፣ አንድ ቀይ ነጥብ በራ።

ከጎኑ ሌላ...

ደግሞ ሌላ...

ዶክተሩ ተሰምቷቸዋል። ዓይናቸው ፈጠጠ፤ አፋቸውን ሊዘጉ ታገሉ።

ጌታ ይቅር ይበለኝ... አገጫቸውን በእጄ ያዝኩት።

"ይቀጥሉ እንጂ" አልኳቸው ቀስ ብዬ። "ገና አንድ ፊደል ነው።"

ቀና ስል፣ በዚያ ሁሉ ፀሐይ መሃል፣ የባለቤታቸው ፊት በቀይ ብርሃን ተጥለቅልቆ ነበር።