ከሄልሜቱ ሥር አቧራ

ኢንስፔክተር ፀሐይቱ ገብረመስቀል ከካዛንቺስ ጀርባ፣ ለግንባታ ተብሎ ወደፈረሰው ሰፈር ስትደርስ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ጊዜው ግንቦት 2003 ዓ.ም. ነው። ሰማዩ ደመና ተሸክሞ አልዘንብም ካለ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ወበቁ ሸሚዝን ከጀርባ ያጣብቃል። በሁለት በኩል ቆርቆሮ ከታጠረበት ጭር ያለ መንገድ ላይ አንዲት ቀይ ሞተር በግራ ጎኗ ተጋድማለች። ከእሷ አለፍ ብሎ፣ ሄልሜት ያጠለቀ ወጣት ጀርባውን ለመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ሰጥቶ እንደተቀመጠ ሞቷል።

ሟቹ ዘአማኑኤል ይባላል፤ መስቀል ፍላወር አካባቢ ላለ የመልእክት አድራሽ ድርጅት የሚሠራ ሞተረኛ ነበር። ቀድሞ የደረሰው ትራፊክ ፖሊስ ነገሩን በልቡ ጨርሶታል። የፊት ፍሬኑ ሽቦ ተበጥሷል፣ ሞተሯ ትናንት ጋራዥ ውላለች፤ ስለዚህ ጥፋቱ የመካኒኩ ነው።

ፀሐይቱ ሄልሜቱን ቀስ ብላ አወለቀች። የውስጡን ስፖንጅ ስትጫነው ላብ በጣቶቿ መሐል ወረደ። የሟቹ ፀጉር ግን በመንገድ አቧራ ነጥቷል፤ አቧራው እስከ ሥሩ ገብቷል። ሱሪውን ሰብስባ እግሩን አየች። በቀኝ ባቱ የውስጥ በኩል መዳፍ የሚያህል አዲስ ቃጠሎ አለ። ከዚያ ሞተሯ የመጣችበትን መንገድ ወደኋላ ተከትላ ሄደች። የኋላ ጎማው አስፋልቱ ላይ አሥራ አንድ እርምጃ የሚሆን ጥቁር መስመር አስምሯል።

በማግስቱ ሰንጋ ተራ ወደሚገኘው ለቅሶ ቤት ሄደች። የሟቹ ሚስት ማዕዛ ከለቀስተኛው መሐል ተነሥታ ወደ መኝታ ቤት ወሰደቻትና በሩን ዘጋች። ባሏ ጉንፋን ይዞት ስለነበር ጠዋት ኪኒን ሰጥታው ነበር። እንቅልፍ እንደሚያመጣ ያወቀችው ከሞተ በኋላ፣ ወረቀቱን ስታነብ ነው።

«ሞተር ላይ አንቀላፍቶ ነው» አለች። «የገደልኩት እኔ ነኝ። ይጻፉት።»

የድርጅቱ ሥራ መዳቢ ደጋጋ ደግሞ ከደጅ አገኛት። ሟቹ በዚያ ሙቀት ልረፍ ሲለው እምቢ ብሎ እንደላከው ተናገረ፤ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። ሌላው ሠራተኛ ተከስተ በዚያ ሰዓት በእግሩ ሜክሲኮ ደብዳቤ ሊያደርስ ሄዶ እንደነበር ነገራት። ተከስተ ከሟቹ ጋር አንድ ግቢ ያደገ ነው። ሞተረኛ ለመሆን የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን እየጠበቀ ነበር። «ፍሬኑ አይዝም ይለኝ ነበር» ብሎ በመካኒኩ ላይ ቃል የሰጠውም እሱ ነው። አሁን ለለቀስተኛ ውሃ ያድላል። ሰው ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ በጋዜጣ ሲያራግብ፣ እሱ እጅጌውን እስከ አንጓው ቆልፏል።

ጣቢያ ስትመለስ የታሰረው መካኒክ የኢብሮ ሚስት ሀምዲያ በሩ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። ባሏ ከተያዘበት ከትናንት ጀምሮ ቤቷ አልሄደችም። ኢብሮ ራሱ ተስፋ ቆርጧል። መጀመሪያ ፍሬኑን በደንብ አሥሬያለሁ ይል ነበር፤ አሁን አላስታውስም፣ ምናልባት ረስቼ ይሆናል ማለት ጀምሯል።

«ከፍሬኑ ሌላ ምን ብልሽት ነበራት?» አለችው ፀሐይቱ።

«ከኋላ በቀኝ በኩል የእግር ማሳረፊያዋ ተሰብሯል። ልቀይርልህ ስለው እምቢ አለ።»

«ለምን?»

«ሰው አልጭንም፣ ከኋላ የምቀመጠው እኔ ራሴ ነኝ ብሎ ሳቀ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፣ ኢንስፔክተር።»

ፀሐይቱ መጻፏን አቆመች።

በሦስተኛው ቀን ሁሉንም ኢብሮ ጋራዥ ሰበሰበቻቸው። ሞተሯ መሐል ላይ ቆማለች። ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ሙቀቱ አይቻልም፤ ደጋጋ ኮቱን አውልቆ ይዟል፣ የኢብሮ እጆች በካቴና ታስረዋል።

«ጎማ መንገድ ላይ መስመር የሚያሰምረው ፍሬን ሲይዝ ነው» ብላ ጀመረች። «የፊቱ ሽቦ የተበጠሰው ሞተሯ ስትወድቅ ነው፤ የኋላው በሚገባ ይዟል። ስለዚህ ኢብሮ አላጠፋም። ያንቀላፋ ሰው ደግሞ ፍሬን አይረግጥም። ማዕዛ፣ ኪኒኑ አልገደለውም።»

ማዕዛ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ማርሚታዋ፣ ትኩሱ የጭስ ማውጫ፣ በስተቀኝ ከኋላ ነው። የሚነዳ ሰው ባት እዚያ አይደርስም። የወደቀችው በግራዋ ስለሆነ ስትወድቅም አላቃጠለችውም። ዘአማኑኤል የተቃጠለው ከኋላ ተቀምጦ፣ እግሩን የሚያሳርፍበት አጥቶ ነው። ፀጉሩ አቧራ የጠጣውም ባዶ ራሱን ስለነበር ነው። ሄልሜቱን በላብ ያራሰው የሚነዳው ሰው ነው። ዘአማኑኤል ሰው ያስተምር ነበር።»

«ማንን?» አለ ደጋጋ።

«ተከስተ፣ እስቲ እጅጌህን ሰብስበው።»

ቁልፉን ሲፈታ ጨርቁ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ነበር። ግራ ክንዱ ከክርኑ እስከ መዳፉ ተገሽልጧል።

ከዚያ በኋላ ምንም አልደበቀም። ሜክሲኮ የሄደው በኋላ ነው፤ ከቀትር በፊት የነዳው እሱ ነበር። ከፈረሱት ቤቶች መሐል ውሻ ሲወጣበት ፍሬኑን ረገጠ። የዘአማኑኤል ጎን ከመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ጋር ተጋጨ፤ ስልኩም ተሰበረ። ግን ተነሥቶ ተቀመጠ፣ ትንሽ ጎኔን አመመኝ እንጂ ደህና ነኝ አለ። ያለ ፈቃድ መንዳትህ ከታወቀ ፈተናውም ሥራውም ቀረብህ፤ ሄልሜቱን ስጠኝ፣ የነዳሁት እኔ ነኝ እላለሁ፣ አንተ ሂድና አምቡላንስ ጥራልኝ አለው። ሄልሜቱን ያጠለቀው በገዛ እጁ ነው።

«ሐኪሙ ደሙ ወደ ውስጥ ነው የፈሰሰው ብሏል» አለች ፀሐይቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንድ ሰዓት ያህል በሕይወት ነበር።»

ማዕዛ ቀና አለች። «ለምን አልደወልክም?»

«በስልኬ ብደውል ማን ነህ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ሌላ ሰው ያየዋል አልኩ። ሜክሲኮ እስክደርስ፣ በቃ፣ አሁን አንድ ሰው አይቶታል እያልኩ ነው የሄድኩት። መሞቱን ስሰማ ደግሞ... ሰው ፍሬን ፍሬን ሲል እኔም ፍሬን አልኩ።»

የኢብሮ ካቴና ተፈታ። ሀምዲያ ክንዱን ይዛ አልለቅ አለች። ተከስተ ማዕዛ እግር ላይ ሊወድቅ ሲጠጋ እግሯን ሰበሰበች።

«እየጠበቀህ ነበር ማለት ነው» አለችው። «ልኬዋለሁ፣ አሁን ይመጣል እያለ።»

ፀሐይቱ ተከስተን ይዛ ወጣች። ማዕዛ ከመሬት አልተነሣችም። ሀምዲያ የባሏን ክንድ ለቃ መጣችና አጠገቧ ተቀመጠች።