ቤት የመታው ግጥም

በ፲፱፻፴ ዓመተ ምሕረት ክረምቱ ዘግይቶ ገባ። ሐምሌ ደረቀ፤ መስከረም ጠብቶ ውርጭ ወረደና ባቄላውን አቃጠለው። በሉማሜ ዙሪያ ያለው ገበሬ ዘሩ ቢመክንበት ለሁለተኛ ጊዜ ሊዘራ ያስቀመጠውን እህል፣ ከደብረ ማርቆስ ምሽግ የወጣ የጠላት ጦር ጎተራ አስከፍቶ ለበቅሎዎቹ አበላው። ጠመንጃ ያለው ወይ ቀበረው፤ ወይ ይዞት ዱር ገባ። በሬው የሞተበት ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ አረሰ። ኅዳር ሲመጣ ከውርጩም ከበቅሎውም የተረፈች ጥቂት ጤፍ ለአጨዳ ደረሰች።

በዚያ አገር ደምለው የሚባል ገበሬ ነበር። ዳዊት ደግሟል፤ ከዚያ ወዲያ ትምህርት የለውም፤ ነገር ግን በደቦ ላይ ግጥም በማውጣት ከሉማሜ እስከ አባይ አፋፍ ድረስ ስሙ ይነሣ ነበር። ጎረቤቱ አወቀ አበልጁ ነው፤ የአወቀን ልጅ የብርጓልን ክርስትና ያነሣት ደምለው ነበር። አወቀ ከስድስት ሰዎች ጋር ሸፍቶ፣ ቀይ ጎራ ከሚባለው ኮረብታ ሥር ባለ ዋሻ ከርሟል። ስፍራውን የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ሚስቱ ደብሪቱ፣ ታናሽ ወንድሙ አንለይና ደምለው። ደምለው በየአሥራ አምስት ቀኑ ስንቅ ያደርስለት ነበር።

«አበልጄ፣ ዛሬም ሽምብራ ነው?» አለው አወቀ፣ በኅዳር መጀመሪያ ስልቻውን ሲቀበለው። «ጠላት ሳያልቅ ጥርሴ ሊያልቅ ነው እኮ።»

«ማን ሸፍት አለህ? ከባንዳ ጋር ብትውል ኖሮ እንጀራ ትበላ ነበር።»

አወቀ ሳቀ። «በል ይህችን ግጥም አድርጋት። እኔም ከሞትሁ ሙሾዬን አሳምረህ አውጣ። አባትህ የሞቱ ጊዜ ሦስት ቀን አልቅሼላቸዋለሁ፤ ድምፄ የተመለሰው በሳምንቱ ነው። ለቅሶ ብድር ነው፤ እንዳትክደኝ።»

«አንተን ደግሞ ምን ይገድልሃል» አለ ደምለው።

በዚያው ሳምንት ግራዝማች ፈንታ ለጤፋቸው አጨዳ ደቦ ጠሩ። በዚያ አገር ደቦ ሕግ አለው። አጫጁ በሁለት ረድፍ ይቆማል፤ ለየረድፉ አንድ ግጥም አውጪ ይኖራል። የማሳው ባለቤት አንድ ቃል ይጥላል፤ ሁለቱ አውጪዎች በየተራ በዚያ ቃል ቤት እየመቱ ይገጥማሉ። በዕለቱ አንድ ጊዜ ቤት የመታ ቃል አይደገምም። ቤት ያጣ ወይም ያዘመመ እስኪመሽ ነዶ ተሸካሚ ይሆናል። ባለፈው ደቦ ደምለው «ራ» በሚያሻው ቤት «ላ» አግብቶ፣ የወዲያኛው ረድፍ አውጪ አበረ፣ «ቤቱ ዘመመ! ኧረ ባላ አምጡ፣ ሳይወድቅብን!» ብሎ አገሩን አስቆበት ነበር። ደምለው ያን ዕለት ነዶ ሲሸከም ዋለ፤ ስምንት ቀንም እንቅልፍ አጣ።

ግራዝማች ቃሉን ጣሉ፤ «እንጀራ» አሉ።

ቀላል ነበር፤ ቀላልነቱም ክፉ ሆነ፤ ቤት የሚመታው ቃል ቶሎ ቶሎ አለቀ። ጎተራ ወጣ፤ አዝመራ ወጣ፤ ጋራ ወጣ፤ ደብተራም ወጣ፤ አበረ ተራራን አንሥቶ ረድፉን በሆታ አናወጠው። ተራው የደምለው ሆነ። የመጀመሪያው ስንኝ ከአወቀ ጋር የቀለደው ቀልድ ነበርና ሳይፈልገው መጣለት፤

«የባንዳ ጓደኛ ሲበላ እንጀራ፣»

አጫጁ ተቀብሎ ደገመለት። ማጭዱ አንድ ጊዜ ሄዶ እስኪመለስ ድረስ ደምለው ሁለተኛውን ፈለገ። «ጥሬ ይቆረጥማል ጀግናው በበረሃ» የሚል አፉ ላይ ደረሰ። መልካም ነበር፤ ማንንም አይጎዳም። ግን ‹ሃ› ለ‹ራ› ጎረቤት እንጂ ወንድም አይደለም፤ ጆሮ ላይ ያነክሳል። ቀና ቢል አበረ ፈገግ ብሎ አፉን ሊከፍት ሲዘጋጅ አየው። በዚያች ቅጽበት ሌላው ቃል መጣ። ደምለው ምን እንደ ሆነ ያውቃል፤ ማን እዚያ እንዳለም ያውቃል። አውቆ አወጣው፤

«ጥሬ ይቆረጥማል ጀግናው በቀይ ጎራ!»

ቤቱ መታ። ሠላሳ ሰው በአንድ ድምፅ ተቀበለው፤ አበረ ሳይቀር ማጭዱን ወደ ላይ አንሥቶ እጅ ነሣው። ግራዝማች ብቻ አልተቀበሉም።

«ደምለው፣ ምን አልህ?»

«ግጥም ነው፣ ግራዝማች።»

«ግጥም ነው» አሉ ቀስ ብለው፤ ወደ ማሳው ዳር ሄደውም ብቻቸውን ቆሙ።

ያዘመመ ግጥም ከተወለደበት ማሳ አይወጣም፤ የሰመረ ግን እግር አለው። በሦስተኛው ቀን ሴቶች ወፍጮ ላይ አሉት፤ በስምንተኛው ቀን የሉማሜ ገበያተኛ እያዜመው ገባ፤ ጨው ሊገዛ የመጣ አንድ ባንዳም ሰማው። በአሥራ አንደኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ የጠላት ጦር ቀይ ጎራን ከበበ። አራቱ ገደሉን ወርደው አመለጡ። አወቀና ሁለት ጓደኞቹ ጥይታቸው እስኪያልቅ ተዋግተው እዚያው ወደቁ። ሬሳ ማንሣት ተከለከለ።

ደብሪቱ የባሏን ጋቢና ቀበቶ መሬት ላይ ዘርግታ ተቀመጠች። ሬሳ የሌለው ሰው በልብሱ ይለቀስለታል።

«አንቱ አበልጄ፣ ይነሡና ያልቅሱለት እንጂ» አለችው። «ከእርስዎ ሌላ ማንን ይሻል?»

ደምለው ተነሣ፤ አፉን ከፈተ፤ የመጣለት ያው የገበያው ግጥም ነበር። አፉን መልሶ ዘጋ። «ጉሮሮዬን ይዞኛል» አለና ወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደቦ ላይ ዝም ብሎ የሚያጭድ ሰው ሆነ። የደብሪቱን መሬት በየዓመቱ ያርስላታል፤ አረሙንም ይነቅላል፤ እርሷ ትመርቀዋለች። ምርቃቱን ሲሰማ ሞፈሩን እያስተካከለ ፊቱን ያዞር ነበር። ማረሱ ዕዳውን እንደማይነካው ያውቃል፤ አወቀ ያበደረው ጉልበት አልነበረምና። ለነፍስ አባቱ ሊናገር ሁለት ጊዜ ደጀ ሰላም ደርሶ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ጾም መግደፍ ተናዞ ተመለሰ።

በመጋቢት መጨረሻ ፲፱፻፴፫ ዓመተ ምሕረት ጠላት ደብረ ማርቆስን ለቅቆ ወጣ። በግንቦት የአወቀ አፅም ከቀይ ጎራ ተለቅሞ በቤተ ክርስቲያን ተቀበረ፤ በፍርሃትና በችጋር የቆየው ተዝካርም ወጣ። ዳሱ ሞላ። ደብሪቱ እንደ ገና ወደ ደምለው ዞረች።

«አበልጄ፣ ጉሮሮዎ ዳነ?»

ደምለው ተነሥቶ መካከል ቆመ። «የቀይ ጎራን ግጥም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ» አለ። «ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጠላት ስፍራውን ያወቀው ከዚያ ግጥም ነው። ‹በበረሃ› የሚል ነበረኝ፤ ቤቱ ያዘምማል፣ ይሳቅብኛል ብዬ ተውሁት። ነዶ መሸከም ፈርቼ ሰው አስገደልሁ።»

አበረ ከጥግ ተነሣ። «ባላ አምጡ ብዬ ያሳቅሁበት እኔ ነኝ» አለ።

«ያንተ ቀልድ ነው፤ ስፍራውን አታውቅም ነበር። ተቀመጥ» አለው ደምለው።

አንለይ ጠመንጃውን ከምሰሶው አነሣ። ግራዝማች ፈንታ፣ «አንለይ፣ በወንድምህ ተዝካር!» ብለው ጮኹ፤ እርሱ ግን አልሰማቸውም። መንገዱን የዘጋችበት ደብሪቱ ናት። ፊቷ ዓመድ መስሏል።

«አስቀምጥ። መጀመሪያ ያልቅስ» አለች። ወደ ደምለውም ዞራ፣ «ባሌ ላባትህ አልቅሷል። ያንን መልስ። ያደረግኸውን ተናግረሃል፤ በል አልቅስ።»

‹አንቱ› መባሉ ቀረ። ደምለው ይህን ከጠመንጃው በላይ ሰማው። ነጠላውን ወገቡ ላይ አሸረጠ፤ ድምፁም ሁለት ዓመት ተኩል ዝም እንዳለ ሰው ድምፅ ሻክሮ ወጣ፤

«ጥይት ነው አትበሉ የገደለው እሱን፣
ጠይቁት አበልጁን፣ ጠይቁት ምላሱን።»

በመጀመሪያ የተቀበለው አልነበረም። ቆይቶ ደብሪቱ ደረቷን መታች፤ ስንኙንም እርሷ ደገመችው፤ ከዚያ ሴቶቹ፣ ከዚያ ዳሱ በሙሉ። ደምለው እስከ ሠርክ አለቀሰ፤ ስለ ጥርሱ፣ ስለ ሽምብራው፣ ስለ ሳቁ አንድ በአንድ አወጣ። አንለይ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰማው።

ሲያበቃ ደብሪቱ፣ «አሁን ተለቀሰለት» አለች። «የለቅሶው ብድር ተመልሷል። የደሙን ከአንለይና ከሽማግሌ ጋር ጨርስ። መሬቴን ግን ከእንግዲህ አትረስ።»

ሽማግሌ ተቀምጦ ደሙ በካሣና በመሐላ ደረቀ፤ ደምለውም ሁለት በሬዎቹን ለአንለይ ሰጥቶ በሰው በሬ እያረሰ ኖረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአርበኞችን ስም የሚመዘግብ ጸሐፊ ከከተማ መጣ፤ ስለ አወቀም «በቀይ ጎራ ከጠላት ጋር ሲዋጋ ወደቀ» ብሎ አንድ መስመር ጻፈ። የጻፈው እውነት ነው። ጠላት ወደዚያ እንዴት እንደ መጣ ግን አልጠየቀም፤ የነገረውም የለም። የአርበኞቹ ስም በመዝገብ ቆየ፤ በዚያ ዳስ ውስጥ የተመለሰው ብድር የቆየው ግን ባዩት ሰዎች ልብ ነው፤ እነርሱም አንድ በአንድ አልፈዋል።